ኑግ የጠጣ ቆዳ

ፊደል የቆጠርሁት ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ የሚስቁብኝ እነሱ ናቸው፣ ለምጄዋለሁ። የምጽፈው ስለ አባቴ ነው። አባቴ ፋቂ ነበሩ። ቆዳ ያለፋሉ፣ ኮርቻ ይሰፋሉ፣ ጠፍር ይቆርጣሉ። በእኛ አገር ፋቂን አንቱ የሚል አልነበረም፤ ትናንት የተወለደው ሁሉ ‹‹አንተ›› እያለ ነበር የሚያዛቸው። እኔ ግን እዚህ አንቱ እላቸዋለሁ። ወረቀቱ የእኔ ነው፣ ከልካይ የለብኝም።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነበር። እዚያ የሰፈርነው ወደን አይደለም፤ ቆዳ ይሸታል ተብለን ነው። ይሸታል፣ አልክድም። ግን ያው የሚሸተው ቆዳ ለፍቶ ኮርቻ ሲሆን ተቀምጠውበት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት እነሱ ነበሩ። በኮርቻችን ይቀመጣሉ፣ በዋንጫችን አይጠጡም። ቡዳ ነን፤ ሰው እንበላለን። ልጅ ሳለሁ አባቴን ‹‹ሰው የምንበላው መቼ ነው?›› ብዬ ጠይቄያቸው እንባቸው እስኪፈስ ስቀው ነበር።

ጣሊያን ከተማዋን ይዞ ምሽግ ሲሠራ እናቴ ሞታለች፤ እኔ ከባሌ ተፋትቼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። ወንድሜ ታላቄ ነው። እጁ እንደ አባቴ ነበር፣ አፉ ግን የራሱ። ሲሰፋ ያወራል፣ ሲያወራ ያስቃል። ጮቄ ተራራ ላይ ላሉት አርበኞች ዝናር ይሰፋ ነበር። የሰፋውን በጤፍ ከረጢት ሸሽጎ ሮብ ገበያ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወስደው ሌላ ሰው ነው። ወንድሜን የጠቆመው ኮርቻውን ያለ ዋጋ የሰፋንለት ጎረቤታችን ነው። ሲጠቁም እንኳ በስሙ አልጠራውም። ‹‹የፋቂው ልጅ ለሽፍታ ይሰፋል›› ነው ያለው። የጣሊያን ሰላቶዎች መጥተው ወንድሜን እየገፉ ሲወስዱት ያ ጎረቤት ደጁ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። የጥርስ መፋቂያው የወይራ እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ሰው ሲጠላ እንዲህ ያለውን ሁሉ ይይዛል።

ብዙም ሳይቆይ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ አባቴን ሊወስድ መጣ። አባቴ የልጃቸውን ሬሳ ሊሰጧቸው መስሏቸው ለመገነዣ የምትሆን አዲስ ነጠላ ከሣጥን አውጥተው ይዘው ሄዱ። እኔም ተከተልኋቸው። የወሰዱን ግን ወደ መቃብር አልነበረም፤ ወንድሜ በሕይወት ከታሰረበት እስር ቤት ጋር በአንድ አጥር ወደተያያዘው የመኪና ጋራዥ ነው።

የጋራዡ ሹም ወጣት መሐንዲስ ነበር። እጁን ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ ሲሠራ ያፏጫል። ደደብ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ውሸት ይሆንብኛል። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ክፋቱንም እንደዚያው ጠንቅቆ ነበር የሚሠራው።

ችግሩን በአስተርጓሚው አስረዳን። እነዚያ ትልልቅ የጭነት መኪኖች ፍሬናቸው የሚሠራው በነፋስ ነው። ሞተሩ ነፋስ እየጨመቀ በብረት ጋን ውስጥ ያጠራቅማል። ሹፌሩ ሲረግጥ ነፋሱ ከጋኑ ወጥቶ በየጎማው አጠገብ ወዳለ ድስት መሳይ ብረት ይገባል። በብረቱ መሐል እንደ ከበሮ የተወጠረ ክብ ላስቲክ አለ። ነፋሱ ላስቲኩን ይገፋል፣ ላስቲኩ ዘንጉን፣ ዘንጉ ፍሬኑን። ያ ላስቲክ በዓባይ በረሃ ሙቀት እየተሰነጠቀ አልቋል። ሌላ እንዳይመጣ አርበኞች መንገዱን እየቆረጡ አስቸግረዋል። ስለዚህ በላስቲኩ ፈንታ ቆዳ ሊያስገባበት ፈለገ።

አባቴ ብረቱን ከፍተው አዩት፣ ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱት። የቀጥቃጭ ወናፍ ሰፍተው ያውቃሉ፤ ነፋስ የሚይዝ ቆዳ ለሳቸው እንግዳ አልነበረም። መጀመሪያ የፍየል ቆዳ ሞከሩ፣ ነፋሱ በስፌቱ ሾለከ። ኋላ ከበሬ ሆድ በኩል ያለውን ስሱን ቆዳ ቆርጠው ሁለቱን አንድ ላይ በሰም አጣበቁት፤ ከዚያ እኔና እሳቸው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ቅቤ እስኪጠግብ አሸነው። በጣት ሲጫኑት እንደ ሕፃን ጉንጭ የሚመለስ ቆዳ ሆነ።

መሐንዲሱ ለሙከራው አንድ ወግ አወጣ። የሠራው ሰው ከፊት ይተኛል አለ። አባቴን ጋራዡ ሜዳ ላይ በጀርባቸው አስተኝተው መኪናውን ከወዲያ ማዶ አስነሡ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያይ ነበር። አንዱ ‹‹ሰው የሚበላው ፋቂ ዛሬ በመኪና ሊበላ ነው›› አለና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጣሊያኖቹ ምን እንደተባለ ባያውቁም አብረው ሳቁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሳቅነው እኔና አስተርጓሚው ብቻ ነበርን።

መኪናው ጎማው የአባቴን ጋቢ ጫፍ ረግጦ ቆመ። አባቴ ሲነሡ ጋቢው ከጎማው ሥር አልወጣ ብሎ ተቀደደ። መሐንዲሱ እያፏጨ እጁን ሊታጠብ ሄደ። የጎማውን ጥቁር ምልክት ከጋቢው ላይ በእንዶድ ባጥበው ባጥበው አለቀቀም፤ አባቴ እንደዚያው ለበሱት።

ከዚያ በኋላ አባቴ በየጊዜው እየተጠሩ ክብ ቆዳ ይሠሩ ጀመር። መኪኖቹ በአምበር በኩል አድርገው ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉ። የአባቴ ቆዳ አንድም ቀን አላሳፈራቸውም። ወደን እንዳይመስላችሁ፤ አባቴ ይሠሩ የነበረው ወንድሜ ከአጥሩ ወዲያ ስላለ ነው። አንዳንድ ቀን ሲያስነጥስ ይሰማናል። እኔ ለጠላት ፍሬን መሥራት ነውር አይደለም ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ። ልጅሽ ሲታሰር እጠይቅሻለሁ አሉኝ።

የመሐንዲሱ የገዛ ራሱ ፈጠራ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። የጭነት መኪኖቹ ከኋላቸው ተሳቢ ያስከትላሉ። አንድ ጊዜ ዳገት ላይ የአንዱ ተሳቢ መያዣ ተበጥሶ ከነጭነቱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገደል ገባ። መሐንዲሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማፏጨት ተወ፣ ያስብ ጀመር። ኋላ አባቴን ጠርቶ ያሰበውን መሬት ላይ በእንጨት ሣለላቸው። ተሳቢው የራሱ የነፋስ ጋን ይኖረዋል። ጋኑን የሚዘጋ በር አለ፤ በሩን የያዘው አንድ ክብ ቆዳ ነው፤ ቆዳውን ደግሞ ከመኪናው በቱቦ የሚመጣው ነፋስ ይጫነዋል። ተሳቢው ተበጥሶ ቱቦው ሲላቀቅ የሚጫነው ነፋስ ይጠፋል፣ ቆዳው ተመልሶ ይነሣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ጋኑ ነፋሱን ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይለቃል። ማንም ሳይረግጠው ተሳቢው ራሱን ያቆማል ማለት ነው።

አባቴ ያን ሥዕል እያዩ ብዙ ቆዩ። ወደ ቤት ስንመለስ ይህ ሰው ነፍስ ቢኖረው ኖሮ ትልቅ ሰው ይወጣው ነበር አሉኝ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ያ ክብ ቆዳ ለስላሳ በመሆኑ ላይ ነበር። ከደረቀ አይታዘዝም፣ ከተሰነጠቀ ነፋሱ ይሾልካል።

መሐንዲሱ ፈጠራውን ከአዲስ አበባ ለሚመጣ አለቃው ሊያሳይ ፈለገ። ተሳቢው ተጭኖ ዳገት ላይ በመኪና ይጎተታል፤ ዳገቱ መካከል ላይ ሆን ተብሎ ይፈታል፤ ይቆማል። አባቴ ምን እንደሚጫን ጠየቁ። አስተርጓሚው መልሱን ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር።

‹‹ድንጋይ የሚጭንና የሚያወርድ ሰው ይፈልጋል፤ እስረኛ ግን በገዛ እግሩ ይወጣል፣ በገዛ እግሩ ይወርዳል ይላል። ልጅህም ከጭነቱ አንዱ ነው። ተሳቢው ከቆመ ልጅህን ይዘህ ቤትህ ግባ ብሎሃል።››

አባቴ ጎንበስ ብለው የመሐንዲሱን ጉልበት ሳሙ። እኔ ፊቴን አዞርሁ። ጣሊያንን ከጠላሁበት ነገር ሁሉ ያን ቀን የአባቴን ከንፈር በሱሪው ላይ ያየሁበትን ያህል የጠላሁበት የለም።

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከጋራዡ ስንወጣ አባቴ ወደ ቤት አልሄዱም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመሩ። እኛ የምንቆመው ከቅጥሩ ውጭ ነው፤ ማንም በአዋጅ ባይከለክለንም ቦታችንን እናውቃለን። ግንቡን ተሳልመው ለታቦቱ ተሳሉ። ልጄን ካወጣህልኝ ይህን ሁዳዴ ቅቤ አይደለም በአፌ በእጄም አልነካ፣ በቤቴም አይገኝ አሉ። ለፋቂ ይህ ቀላል ስለት እንዳይመስላችሁ። ቅቤና ሞራ የሌለበት የፋቂ እጅ ምን ይሠራል? የተሳሉት ካላቸው ነገር የከበደውን መርጠው ነው።

እርግጥ በእኛ ሙያ የጠበቀ ጾመኛ የሆነ ሰው በሁዳዴ ቆዳ በኑግ ዘይት ያለፋል። አያቴም እንደዚያው ያደርጉ ነበር ይባላል። ኮርቻው ውሎ አድሮ ይደርቃል፣ ሲቀመጡበት ይንጣጣል፣ ከፋሲካ በኋላ ቅቤ ይቀባና ይመለሳል። በደረቀ ኮርቻ የሞተ ሰው አልሰማንም።

ሁዳዴ እንደገባ ዘይቱን የገዛነው ገበያው ውስጥ ሱቅ ካለው ሙስሊም ነጋዴ ነው። ኑግ ያስጨምቅ ነበር። በከተማው ውስጥ አባቴን ‹‹እርስዎ›› የሚላቸው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ወገኖቹ የሚቀበሩበት ቦታ እንኳ ሲያከራክራቸው የኖረ ሰው ነውና ነገሩ ይገባዋል። ዘይቱን እየቀዳ ለምን እንደሆነ ጠየቀ። አባቴ ስለቱን ነገሩት። ማድጋውን ቀና አድርጎ አስቀመጠና ጣቱን ወደ ማድጋው አፍ ጠቆመ፤ የተንጠባጠበው ዘይት ጠርዙ ላይ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል።

‹‹ለኮርቻ ቢሆን ዝም ባልሁ›› አለ። ‹‹ኑግ ሲውል ሲያድር እንዲህ ነው። የልጅ ነገር ነው፣ እርስዎ አይንኩት፤ ቆዳውን ያምጡልኝና ቅቤውን እኔ ልሽልዎ። እኔ ጾም የለብኝም።››

አባቴ እጅ ነሱት። ‹‹እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ስለት ግን በሰው እጅ አይታለልም።››

ነጋዴው ዘይቱን ምርቃት ጨምሮ ሰጠን። በመንገድ ላይ አባቴ ፊታቸው በርቶ ነበር። እግዜር ሲፈትነው እንዳሸነፈ ሰው ነበር የሚራመዱት።

ቆዳውን በኑግ አለፋነው። በእውነት ለሰለሰ፤ ያን ቀን ቅቤ ከጠጣው የሚለየው ሰው አልነበረም። ጋራዡ ሜዳ ላይ ባዶውን ተሳቢ ጎትተው ሲፈቱት ወዲያው ቆመ። መሐንዲሱ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገና ወዲያው ሄዶ እጁን ታጠበ። አባቴ የወንድሜን መደብ ጠራርገው አዲስ ቁርበት አነጠፉበት።

የሚመጣው አለቃ ግን ዘገየ። መንገዱን አርበኞች ቆርጠውታል ተባለ። ወንድሜ ዝናር የሰፋላቸው ሰዎች ናቸው የቆረጡት፤ ይህንንም አስቤ አውቃለሁ። ተሳቢው አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ፣ ከረመ። የሁዳዴን ፀሐይ ጎጃም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ መሬቱን ይሰነጥቃል። አባቴ ይጾማሉ፣ ይሰግዳሉ። የጾሙ እኩሌታ ካለፈ በኋላ አለቃው በብዙ ሰላቶ ታጅቦ ገባ።

ዳገቱ ከወንዙ ተነሥቶ ወደ ከተማው የሚወጣው ነው፣ ከቤታችን ይታያል። አለቃውና መሐንዲሱ ዳገቱ መካከል፣ ተሳቢው በሚፈታበት ቦታ ላይ ቆሙ። እኔንና አባቴንም አጠገባቸው አቆሙን። የከተማው ሰው በግድ ወጥቶ ማዶ ተኮልኩሏል። መኪናው ከታች እያጓራ መጣ። ተሳቢው ላይ እስረኞቹ እንደ ከብት ታጭቀው ቆመዋል። ወንድሜ ጠርዙን ይዞ ከሁሉ ፊት ነበር። ጺሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ጥርሱ ብቻ የድሮው ሆኖ አየሁት።

እኛ አጠገብ ሲደርስ ከሞተሩ በላይ ጮክ ብሎ ተናገረ። ‹‹አባባ፣ ቆዳው የእርስዎ ነው አሉኝ። እንግዲያውስ ማታ እቤት ነኝ።››

አባቴ መልስ ሊሰጡት አፋቸውን ሲከፍቱ መሐንዲሱ እጁን አነሣ። ሰላቶው መያዣውን በገመድ ሳበው። ቱቦው ፉጭ ብሎ ተላቀቀ። ተሳቢው ቆመ።

ቆሞ ነበር። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ዳገቱ መካከል ላይ ጎማው ጥርቅም ብሎ ቆመ፤ አለቃው አጨበጨበ፤ አባቴ ክንዴን ጨብጠው ‹‹ያዘ›› አሉ። ከዚያ ከሥሩ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ ጥርስ መሐል እንደሚወጣ ትንፋሽ ያለ። ተሳቢው ትንሽ ወደ ኋላ አለ፣ እንደገና የያዘ መሰለ፣ እንደገና አለ። በጣም ቀስ ብሎ ነበር የጀመረው። ሰው ሊዘልበት ይችል ነበር። እንደውም አንድ ራሱ ላይ የጠመጠመ ሰው ሲዘልና መሬት ላይ ሲንከባለል አየሁ። ሌሎቹ ለምን እንደማይዘሉ አልገባኝም፤ ዝለሉ ብዬ ጮኽሁ። ተሳቢው ፍጥነት አገኘና መታጠፊያው ላይ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ገደል ገባ።

ማዶ የተኮለኮለው ሰው አንድ ጊዜ እሪ አለ። ከዚያ የአንዲት ሴትዮ ድምፅ፣ ‹‹የቡዳ ሥራ ነው›› ስትል ሰማሁ። ስለ ጣሊያኑ አልነበረም የምትለው።

መሐንዲሱ አልተቆጣም። ወደ ገደሉ ሰው ልኮ ያን ብረት አስፈትቶ አስመጣ። ክብ ቆዳውን አወጣና በሁለት እጁ አጠፈው። ቀጭ አለ። አሸተተው፣ አባቴ አፍንጫ ሥር አደረገው። አስተርጓሚው በምን ነው ያለፋኸው ይላል አለ። በኑግ አሉ አባቴ። ለምን በቅቤ አልሆነም አለ። ጾም ነው አሉ።

አስተርጓሚው እሱም ጾመኛ ነበር። ያን ቃል ወደ ጣሊያንኛ ሳይመልሰው ትንሽ ቆየ። ሲመልሰውም መሐንዲሱ መጀመሪያ አልገባውም፤ ደግሞ አስነገረው። ሲገባው ለአለቃው ነገረው፣ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ለአባቴ እንዲነገር ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔ ሥራ ትክክል ነበረ በልልኝ አለ።

ወንድሜን እንድናወጣ አልከለከሉንም። አባቴ መጀመሪያ ቀን ወደ ጋራዡ ይዘዋት ሄደው የመለሷትን ነጠላ አወጣሁ። በዚያችው ገነዝነው። ቤት ገብቶ ይተኛበት ዘንድ ያነጠፍንለትን ቁርበትም አብረን ቀበርነው።

ሣልስቱ እንዳለፈ አባቴን መልሰው ጠሯቸው። መሐንዲሱ ከባላገር የነጠቁትን ቅቤ በቆርቆሮ አስቀርቦ፣ አዲስ ቆዳ እዚያው ፊቱ እንዲያለፉ አዘዘ። ሁዳዴ አልወጣም። አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ። ከእስር ቤቱ በር ላይ ለአዲሱ ሙከራ የሚጫኑት እስረኞች ተሰልፈው ያዩ ነበር። እምቢ ካልህ አሮጌው ቆዳ እንዳለ ይገባል፣ እነዚህም ይወጡበታል ይላል አለ አስተርጓሚው። አባቴ እጃቸውን ቅቤው ውስጥ ከተቱ። እያለቀሱ አሹት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ለስላሳ ቆዳ ዳስሼ አላውቅም።

ሌላ ተሳቢ ተቀጥሎ ያው ዳገት ላይ ተፈታ፣ ቆመ። ወደ ኋላ ስንዝር ታህል አላለም። እስረኞቹ ወርደው መሬቱን ሳሙ፤ አንዳንዶቹ የአባቴን እጅ ሊስሙ ፈልገው ሰላቶዎቹ ከለከሏቸው። መልሰው እስር ቤት አስገቧቸው። አባቴ አስተርጓሚውን፣ ተሳቢው ሲቆም ይዘህ ግባ ብሎኝ አልነበረም፣ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ይስጠኝ ብለው ለመኑት። አስተርጓሚው ነገረው። መሐንዲሱ፣ ውሰድ ያልሁህ ልጅህን ነው፣ ልጅህ ከሌለ ምን ትወስዳለህ አለ። የተረፈውን ቅቤ ከነቆርቆሮው ሰጣቸውና ተመለሰ።

አባቴ ያን ቆርቆሮ ቤት አምጥተው ጓዳ አስቀመጡት። አልጣሉትም፣ አልነኩትም። ፋሲካ ሲመጣም አልገደፉም። እኔ ሽሮ በኑግ ሠርቼ አቀረብሁላቸው፤ ከዚያ ኑግ ሲሸታቸው ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ። እንግዲህ የማቀርበው ጠፋኝ። ቆሎ በሉ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ሰው በዱላ እየተደገፉ ደጃችን መጡ። ያን ቀን ከተሳቢው ሲዘሉ ያየኋቸው፣ ራሳቸው ላይ የጠመጠሙት ናቸው። በአማኑኤል በኩል ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ለአርበኞች መልእክት አድርሰዋል ተብለው ነበር የታሰሩት። እግራቸው ከተሰበረ በኋላ ለሥራም ለፍርሃትም አይሆኑም ብሎ ጣሊያን አስወጥቷቸዋል። ቁርበት አነጠፍሁ፣ አልቀመጥም አሉ። ውኃ አቀረብሁ፣ አልጠማኝም አሉ። ደፍ ላይ ቆመው ነው የተናገሩት።

‹‹አንተ ሰውዬ፣ የልጅህ ቃል አደራ አለብኝ። ሳላደርስ ብሞት ያስጠይቀኛል።››

አባቴ ተነሥተው ቆሙ።

‹‹ተሳቢው መንሸራተት ሲጀምር ሁላችንም ልንዘል ተነሣን። ልጅህ ፊታችን ቆሞ እጁን ዘረጋ። አትዝለሉ፣ እግራችሁን በከንቱ ትሰብራላችሁ፤ ቆዳው የአባቴ ነው፣ ይይዛል አለ። አምነውት ቀሩ።››

‹‹እርስዎስ?›› አሉ አባቴ።

‹‹እኔማ›› አሉ መሪጌታው፣ ‹‹ነፍሴን በፋቂ እጅ አላስይዝም ብዬ ዘለልሁ።››

ለማዋረድ አልነበረም። ዛሬ ፀሐይዋ ከበደች እንደሚባለው ያህል ነው የተናገሩት። እኔ ግን ከምድጃው አጠገብ ያለውን የቆዳ መፋቂያ ብረት አነሣሁ፤ አባቴ ባይመለከቱኝ ኖሮ ምን እንደማደርግበት እግዜር ያውቃል። በዓይናቸው አስቀመጡኝ።

መሪጌታው አደራቸውን ካራገፉ በኋላ አልሄዱም። ወጌሻው እግራቸውን በሸምበቆ አስሮት ነበር፣ ገመዱ ቆዳቸውን በልቶታል። ለስላሳ ማሰሪያ ቢሠራላቸው ብለው ጠየቁ። ለዚያም ነበር እኮ የመጡት።

‹‹ቅቤውን አምጪ›› አሉኝ አባቴ።

ቆርቆሮውን ከጓዳ አወጣሁ። አባቴ ከወንድሜ የተረፈውን፣ ለዝናር የተቆረጠውን ቆዳ መርጠው ከመሪጌታው እግር ሥር ቁጭ አሉ። ቅቤ እየቀቡ አሹት፣ ሳቡት፣ እንደገና አሹት። አልቸኮሉም። ለልጃቸው ያልሆነውን ለስላሳ ሁሉ ለዚያ ሰውዬ እግር አደረጉት። ከዚያ ሸምበቆውን አስተካክለው በቆዳው አሰሩላቸው።

መሪጌታው ዱላቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ትንሽ ተራመዱ። ረገጡ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ረገጡ። ‹‹ይይዛል›› አሉ፤ መንገዳቸውንም ሄዱ።

አባቴ ቅቤ የነካ እጃቸውን ዘርግተው እንደተቀመጡ ቀሩ። ውኃ ባቀርብላቸው አልታጠብም አሉ።